የኮምፒውተር አቅራቢ ስትመርጡ ፕሮፎርማው የማይነግራችሁ ነገር

ካርቶኑ አዲስ ነበር። ፕላስቲኩም አልተነካም። ቢሮአችን 10 ላፕቶፕ ገዝቶ ሲመጣ ቆጥሬ የተረከብኩት እኔ ነኝ። አንዱን ከፍቼ እንደሚበራ አየሁ፣ ፈረምኩ፣ አለቀ። በሦስተኛው ወር ሂሳብ ክፍል ያለችው ባልደረባዬ የሷን ይዛ መጣች። "መብራት ሲጠፋ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይልኝም" አለችኝ። የባትሪውን ሪፖርት አወጣሁ። ከፋብሪካ ሲወጣ 50,000 ሚሊዋት ሰዓት ይይዝ የነበረው ባትሪ አሁን የሚይዘው 29,000 ብቻ ነው። ዲስኩን ስመረምር ደግሞ ከ6,000 ሰዓት በላይ ሠርቷል ይላል። በቀን 8 ሰዓት ብንል 750 የሥራ ቀን መሆኑ ነው። እኛ እጅ ከገባ ገና 90 ቀን አልሞላውም።

የቀሩትን ዘጠኙንም አንድ በአንድ አየኋቸው። አራቱ እንደዚያው ያገለገሉ ነበሩ። አቅራቢው ጋ ደወልን፣ አያነሳም። በሌላ ቁጥር ስንደውል አነሳና "ዋራንቲው ባትሪን አይጨምርም" አለን። ያገለገለውን አዲስ ብለህ ሸጥክልን ስንለው "እኔም ከሌላ ሰው ነው የወሰድኩት" አለ።

ይቺ የመጨረሻዋ መልስ ናት ብዙ ያስተማረችኝ። ምክንያቱም እውነቱን ነበር። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

አቅራቢ የሚባለው ማን ነው?

የኮምፒውተርና ተዛማጅ ዕቃዎች ንግድ ፈቃድ የያዘ ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። አንድ ላፕቶፕ ከፋብሪካ ወጥቶ አዲስ አበባ እናንተ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ብዙ እጅ ያልፋል። ብዙው ዕቃ በዱባይ ነጋዴዎች በኩል ነው የሚመጣው። ከዚያ በአውሮፕላን ቦሌ ይገባል፣ ወይም በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ በየብስ ይመጣል። እዚህ አስመጪው ይረከበዋል። ከአስመጪው ሱቆች ይወስዳሉ። ከሱቆቹ ደግሞ መጋዘንም ሱቅም የሌለው፣ ፈቃድና ማኅተም ግን ያለው ሰው ገዝቶ ለመሥሪያ ቤቶች ያቀርባል።

ይህን የመጨረሻውን "ለቅሞ አቅራቢ" ልበለው። በእጁ ዕቃ የለም። ፕሮፎርማ ያስገባል፣ ሲያሸንፍ ገበያ ወጥቶ ይለቅማል፤ ሦስት ከዚህ ሱቅ፣ አራት ከዚያኛው፣ የጎደለውን ከሌላ። በዚህ መንገድ የሚሠሩ ታማኝና ታታሪ ሰዎች አሉ፤ እናንተን ከሱቅ ሱቅ ከመዞር ያድኗችኋል። ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ እሱ ራሱ ዕቃው ከየት እንደመጣ ላያውቅ ይችላል። የኛው ሰውዬ እንደዚያ ነበር። ካርቶኑን ሳይከፍት ነው ከሱቅ ወደኛ ያመጣው።

ከዚህ ሁሉ ለየት የሚለው የአምራቹ እውቅና ያለው አቅራቢ ነው። ኤችፒ፣ ዴል፣ ሌኖቮ፣ ሲስኮ የመሳሰሉት ኩባንያዎች በየአገሩ አብረዋቸው የሚሠሩ ድርጅቶችን መዝግበው ይይዛሉ። ማን እንደሆኑም በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ በአገር ፈልጎ ማየት ይቻላል። አንድ ድርጅት "እኛ የእገሌ ወኪል ነን" ካላችሁ በሱቁ በር ላይ ባለው አርማ አትመኑ፤ አርማ ማንም ያሳትማል። አምራቹ ገጽ ላይ ስሙ መኖሩን እዩ፣ ወይም አምራቹ የጻፈለትን ደብዳቤ ጠይቁ። ዋጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ለ50 ኮምፒውተርና ለሰርቨር ያ ልዩነት ዋጋ አለው፤ ለሁለት ማውስና ለአንድ ኪቦርድ ግን አያስፈልጋችሁም።

ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ነው?" ከመሆኑ በፊት "ዕቃው አሁን የት ነው ያለው?" ቢሆን ጥሩ ነው። መጋዘን አለ ከተባለ ሂዱና እዩ። ዱባይ ነው ከተባለም ነውር የለውም፣ መቼ እንደሚገባ በጽሑፍ ይስጧችሁ። "እናመጣለን፣ ችግር የለም" ብቻ ከሆነ መልሱ፣ ሊለቀም ነው ማለት ነው።

ዋጋው ለምን ቶሎ ይለዋወጣል?

ዕቃው የሚገዛው በዶላር ነው፣ እናንተ የምትከፍሉት ግን በብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 600 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ ትራንስፖርቱና ቀረጡ ሳይታሰብ ከ34,200 ብር ወደ 60,000 ብር ሄደ ማለት ነው። ያኔ ፕሮፎርማ ሰጥቶ ዕቃ ያልያዘ አቅራቢ ምን ውስጥ እንደገባ አስቡት።

ይህ ነገር አስተማማኝ አቅራቢ ከመምረጥ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ለቅሞ አቅራቢው ዛሬ ዋጋ ይሰጣል፣ የእናንተ ኮሚቴ ተሰብስቦ እስኪወስን ሁለትና ሦስት ሳምንት ያልፋል፣ በዚህ መሃል ገበያው ላይ ዋጋው ይጨምራል። ሰውየው ሦስት ምርጫ ነው ያለው፦ ይከስራል፣ ይጠፋል፣ ወይም በተባለው ዋጋ ዝቅ ያለ ዕቃ ያመጣል። ብዙ ጊዜ "አጭበረበሩን" የምንለው ነገር መነሻው እዚህ ነው። በመጀመሪያ ቀን ለማታለል አስቦ የገባ ላይሆን ይችላል። ሲጠበው ግን የሚቀንሰው ከእናንተ ዕቃ ላይ ነው።

ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ "ዋጋው የሚጸናው ለ5 ቀን" የሚል አቅራቢ ስታዩ አትበሳጩ። ቀጥተኛ ሰው ነው፣ መጠበቅ የሚችለውን ያህል ነው የነገራችሁ። እኔን የበለጠ የሚያሰጋኝ ዋጋው ለ60 ቀን ይጸናል ብሎ በእጁ አንድም ዕቃ የሌለው ነው። በእናንተ በኩል ደግሞ ውሳኔውን አፍጥኑ። ለ5 ቀን የተሰጠን ዋጋ በ25ኛው ቀን "አሸንፈሃል" ብሎ መደወል አቅራቢውን ወደዚያ ጠባብ መንገድ መግፋት ነው።

ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤ ዝቅተኛውን መረጥኩ፤ ምን አጠፋሁ?

ሁለት ነገር ሊያመልጣችሁ ይችላል።

አንደኛው፣ ሦስቱ ፕሮፎርማዎች በእርግጥ ከሦስት ሰው መምጣታቸው ነው። "ሌሎቹን ሁለቱን እኔ ራሴ አመጣላችኋለሁ" የሚል አቅራቢ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። የሰውየው፣ የወንድሙና የጓደኛው ማኅተም ነው የሚመጣው፤ ሁለቱ ሆን ተብሎ ዋጋቸው ከፍ ተደርጎ። ፎርማቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ፤ የፊደል ስህተቱ ሳይቀር አንድ ዓይነት ከሆነ የምትፈልጉት መልስ እዚያው አለ። ፕሮፎርማውን የሚሰበስበው የእናንተ ሰው ይሁን፣ በእግሩ ሄዶ፣ ሱቁን አይቶ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ሦስቱም ሰዎች ዋጋ የሰጡት ለአንድ ዓይነት ዕቃ ነው ወይ? ጥያቄያችሁ ላይ "ኮር አይ 5 ላፕቶፕ፣ 8 ጂቢ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ" ብቻ ከጻፋችሁ፣ ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ "አንድ ኩንታል ጤፍ" እንዳላችሁ ቁጠሩት። ማኛም ጤፍ ነው፣ ሰርገኛም ጤፍ ነው። ሻጩ ሰርገኛ ቢያመጣ አልዋሸም።

ልዩነቱ ያለው ጀነሬሽን በሚባለው ላይ ነው። ኢንቴል "አይ 5" የሚለውን ስም ለብዙ ዓመት፣ ለብዙ ትውልድ ተጠቅሞበታል። ትውልዱ የሚታወቀው ከሰረዙ በኋላ ባለው ቁጥር ነው። አይ5-6300ዩ ስድስተኛ ጀነሬሽን ነው። አይ5-8350ዩ ስምንተኛ ነው። ቁጥሩ በ1 ከጀመረ ደግሞ ሁለቱን የመጀመሪያ ቁጥሮች አብራችሁ አንብቡ፤ አይ5-1235ዩ አሥራ ሁለተኛ መሆኑ ነው። (በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ላይ "ኮር አልትራ" የሚል አዲስ አጠራር ስለመጣ፣ እሱን ካያችሁ ዕቃው የቅርብ ነው።) የስድስተኛውና የአሥራ ሁለተኛው ልዩነት በፍጥነትም በዋጋም የትየለሌ ነው፤ ፕሮፎርማው ላይ ግን ሁለቱም "ኮር አይ 5" ተብለው ነው የሚጻፉት።

ይህ ለምን አሁን ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ማሻሻያ ማለት አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ኩባንያው የሚልከው መድፈኛ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውንና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ስድስተኛና ሰባተኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ፣ ለምሳሌ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ በደንብ የተሠራ ጠንካራ ማሽን ነው፤ ብዙ ቢሮ አሁንም ይሠራበታል። ዛሬ ገንዘብ አውጥቶ እሱን መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። ገበያው ላይ እነዚህ ሞዴሎች ዋጋቸው የወደቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

እና ጥያቄያችሁ ላይ ሙሉውን የሞዴል ስም፣ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑን፣ ዊንዶውሱ ፈቃድ ያለው ወይም ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ የተጫነ) መሆኑን ጻፉ፣ አስጽፉም። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዊንዶውስና ኦፊስ ተጭኖ ሲመጣ ደስ ይላል፤ በክራክ ከሆነ ግን ክራኩን የጫነው ሰው ሌላ ምን አብሮ እንደጫነ አታውቁም። የድርጅታችሁ ሂሳብ ነው እዚያ ላይ የሚቀመጠው።

አዲስ የተባለው አዲስ መሆኑን በምን ላውቅ?

ገበሬ በሬ ሲገዛ ቀለሙን አይቶ አይመለስም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ዕድሜው እዚያ ነው ያለው። ላፕቶፕም ጥርስ አለው።

አንዱ ጥርስ ሲሪያል ቁጥሩ ነው። በሦስት ቦታ ይገኛል፦ ካርቶኑ ላይ፣ ከላፕቶፑ ሥር፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ደግሞ በባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ መነሻ ፕሮግራም) ውስጥ። ሦስቱ አንድ መሆን አለባቸው። ካርቶኑና ዕቃው ከተለያየ፣ አሮጌ በአዲስ ካርቶን ገብቷል። ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ ዋራንቲው የጀመረበትንና የሚያበቃበትን ቀን ያሳያችኋል። ዛሬ የተገዛ ላፕቶፕ ዋራንቲው ከሦስት ዓመት በፊት የጀመረ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ያኔ እኔ ብሠራው ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። ዊንዶውስ በአንድ መስመር ትእዛዝ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። እዚያ ላይ "ዲዛይን ካፓሲቲ" ማለት ሲሠራ የተሰጠው አቅም ነው፣ "ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ" ደግሞ አሁን በእርግጥ የሚይዘው። አዲስ ላይ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ሦስተኛው ዲስኩ የሠራበት ሰዓት ነው፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያሳያል። አዲስ ዕቃ ላይ ጥቂት ሰዓት ነው የሚነበበው። ዲስኩ ብቻ ተቀይሮ ሊመጣ ስለሚችል ግን በአንዱ ብቻ አትፍረዱ፤ ሦስቱን አብራችሁ እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች በየጥቂት ዓመቱ ኮምፒውተር ይቀይራሉ፣ የወጣው ተጠርጎ፣ ተጠግኖ ይሸጣል፤ "ሪፈርቢሽድ" የሚባለው ይህ ነው። እንደ ቲንክፓድ ቲ480 ያለ ስምንተኛ ጀነሬሽን በጥሩ ሁኔታ ላይ ካለ፣ ስሙ ካልታወቀ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ እሱን እመርጣለሁ። ያገለገለ ተብሎ ይሸጥ፣ ባገለገለ ዕቃ ዋጋ። ስትገዙ ግን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝታችሁ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጀምሩት። አንዳንዱ ላይ የድሮ ባለቤቱ ኩባንያ ስም ብቅ ብሎ የሠራተኛ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ያ ማሽን ገና ከዚያ ድርጅት መዝገብ አልወጣም ማለት ነው፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ መልሱት።

"የ1 ዓመት ዋራንቲ" ሲባል የማን ዋራንቲ ነው?

ሁለት ዓይነት አለ። የአምራቹ ዋራንቲ ኩባንያው ራሱ የሚሰጠው ነው፤ አንዳንዱ ዕቃ ላይ የትም አገር ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ለተሸጠበት አገር ወይም አካባቢ ብቻ ነው። ለሌላ ገበያ ተሠርቶ በጎን የገባ ዕቃ እውነተኛ ሆኖም እዚህ ዋራንቲ ላይኖረው ይችላል። የሻጩ ዋራንቲ ደግሞ የሻጩ ቃል ነው። ሻጩ ካለ አለ፣ ሱቁን ከዘጋ የለም።

ሕግ ይጠብቀኛል ብላችሁም ቸል አትበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው ነው። እናንተ እንደ ድርጅት ስትገዙ በዚያ ትርጉም ውስጥ አትገቡም። የሚቀራችሁ ውላችሁና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ሽያጭ የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ ገዢው ዕቃውን ሲረከብ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል። እኛ በሦስተኛው ወር ነው የነቃነው።

ስለዚህ ውሉ ላይ ዝርዝሩ ይግባ። ባትሪና ቻርጀር ይጨምራል ወይ? ሲበላሽ ማን መጥቶ ይወስደዋል? በስንት ቀን ይመለሳል? እስኪመለስ ሠራተኛው በምን ይሠራል? ካልተጠገነ ይቀየራል ወይስ ገንዘቡ ይመለሳል? አቅራቢው እነዚህን ሲሰማ ፊቱን ካጠቆረ፣ ሲበላሽ ደግሞ እንዴት እንደሚሆን ገምቱት።

ቶነርና ዩፒኤስስ?

ባጭሩ። አስመስሎ የተሠራ ቶነር (የሌዘር ፕሪንተር ቀለም) ብዙ ነው። ኤችፒ ካርቶኑ ላይ በስልክ ስካን ተደርጎ የሚጣራ የደኅንነት ምልክት ያደርጋል፤ ስካን አድርጉት። "ኮምፓቲብል" የሚባለው ሌላ ኩባንያ በራሱ ስም የሠራው ነው፣ በግልጽ እስከተሸጠ ድረስ ችግር የለበትም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባለ ባትሪ ዕቃ) ላይ ደግሞ 1000 ቪኤ ማለት 1000 ዋት አይደለም፤ ብዙዎቹ ትናንሽ ዩፒኤሶች ላይ 600 ዋት አካባቢ ነው። የዋቱን ቁጥር ጠይቁ፣ መደርደሪያ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየም፤ ባትሪው ሳይሸጥም ያረጃል። ሌዘር ፕሪንተር እሱ ላይ አትሰኩ።

ፈቃዱን የት ላጣራ? ገንዘቡንስ መቼ ልክፈል?

የንግድ ፈቃድ ፎቶ ኮፒ ብቻ አይበቃም። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ በቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር ፈልጋችሁ ፈቃዱ መኖሩን፣ መታደሱንና ለየትኛው ዘርፍ እንደሆነ ማየት ይቻላል። "ያለ ቫት ከሆነ እቀንስላችኋለሁ" የሚል ካገኛችሁ 15 በመቶው ያጓጓል፤ ነገር ግን ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግብር ላይ ተቀባይነት የለውም፣ ዕቃው ሲበላሽም ከማን እንደገዛችሁ የሚያሳይ ወረቀት የላችሁም። በግል አካውንት አስገቡልኝ የሚልም ያው ነው። ክፍያው በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ አካውንት ይሁን።

ቅድመ ክፍያ የግድ ከሆነ ትንሽ ይሁን፣ መጠኑ ከበዛ የባንክ ዋስትና ጠይቁ። ቀሪውን ከምርመራ በኋላ ክፈሉ። ርክክቡ ላይ ንብረት ክፍል ብቻውን አይቁም፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ይኑር፤ እያንዳንዱ ይከፈት፣ ሲሪያሉ ይመዝገብ፣ ሠንጠረዡ ላይ ሁለቱም ወገን ይፈርሙ። 40 ኮምፒውተር የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ 3 ግዙና አንድ ወር ሥሩበት።

ከአንድ አቅራቢ ጋር ከመዋዋላችሁ በፊት የድሮ ደንበኞቹን ስልክ ውሰዱ። ሁሉም "ጎበዝ ናቸው" ነው የሚላችሁ፣ ስለዚህ እንደዚያ አትጠይቁ። "ተበላሽቶባችሁ ያውቃል? ያኔ ምን አደረጉ?" በሉ። ባለፈው ለቢሮአችን ስናጣራ አንዲት የክሊኒክ አስተዳዳሪ ጋ ደወልኩ። "ሁለት ፕሪንተር ተበላሽቶብን ነበር" አለችኝ። "እስኪጠግኑ የራሳቸውን አምጥተው አስቀመጡልን። የኛ ሲመለስ የነሱን ረስተውት ሄደው እኔ ነኝ ደውዬ ኑ ውሰዱ ያልኳቸው።" ከነሱ ገዛን። 10 ላፕቶፕ፣ አሥሩንም ከፍቼ።